የእማዬ ሰባት

«እማዬ፣ ሰባት ካለሽ ጣይዋ እንጂ! ለማን ነው የምትቆጥቢው?» ይላል ካሣሁን፣ እጇን ሊያይ አንገቱን እያሰገገ።

«ልጄ ላይ ሸክም አልጥልም» ትላለች እማዬ። ካርታዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ከክምሩ አንድ ትስባለች።

ወይ እማዬ! ወንድሜ ካሣሁን ከጀርመን ይዞት የመጣውን ይህን ጨዋታ ከተማርን ሁለት ሳምንታችን ነው፤ እሷ አንድም ቀን አሸንፋ አታውቅም። ሕጉ እኮ ቀላል ነው። ጠረጴዛው ላይ ካለው ካርታ ጋር ቁጥሩ ወይም ምልክቱ የሚመሳሰለውን ትጥላለህ፤ ከሌለህ ትስባለህ። ሰባት ከጣልክ፣ ካንተ ቀጥሎ ያለው ሁለት ይስባል፣ ተራውም ያልፈዋል። ጄ የሚባለው ካርታ በየትኛውም ካርታ ላይ ይጣላል። አንድ ካርታ ሲቀርህ፣ የናይሮቢ ልጆች በራሳቸው ጨዋታ «ኒኮ ካዲ» እንደሚሉት፣ «ማው» ማለት አለብህ፤ ከረሳህ ቅጣት ትስባለህ። እጁን ቀድሞ የጨረሰ አሸነፈ። እማዬ ይሄ ሁሉ ገብቷታል፤ ግን ሰባት አትጥልም። ከእሷ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሁሌም ካሣሁን ነዋ!

ዛሬ ቀልድ የለም። ካሣሁን ነገ ይሄዳል፣ የእማዬም ቪዛ ወጥቷል። «ሃምቡርግ ትምጣ፣ እኔስ እናት የለኝም?» ይላል። እኔ ደግሞ እዚህ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ያለው ምግብ ቤቴም፣ መኖሪያዬም ያለ እሷ አይሆንልኝም። እሷን ስንጠይቃት «እናንተ እንዳላችሁ» ብላ እርፍ። ጠዋት ካሣሁን «በቃ በካርታ ይለይልን፤ ያሸነፈ ይወስን» ሲል፣ «እኔስ ካሸነፍኩ?» አለች። «አንቺማ ካሸነፍሽ ራስሽ ትወስኛለሽ!» አልናት፣ ሳቃችንን አፍነን።

ካሣሁን የልብ ኪንግ ይጥልና «ማው!» ብሎ ከወንበሩ ይዘላል። አንድ ቀረው። እኔ እጅ ላይ የሚገጥም የለም፤ እስባለሁ፣ አሁንም የለም።

«በቃ ውብዬ፣ የእማዬን ሻንጣ አውጪ» ይለኛል።

ስድብ አፌ ላይ ይመጣና እውጠዋለሁ።

ተራው የእማዬ ነው። ሦስት ካርታ ይዛለች። ካሣሁንን ትክ ብላ ታየዋለች፣ ጉንጩን ዳበስ ታደርገዋለች፣ ከዚያ የልብ ሰባት ቀስ አድርጋ ታስቀምጣለች።

«እማዬ!»

«ሁለት ሳብ፣ የኔ ጌታ።»

ይስባል። እኔም የምጥለው አጥቼ እስባለሁ። እማዬ የአበባ ሰባት ትደግመዋለች፤ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አድርጋ «ኒኮ ካዲ!» ትላለች።

«ማው ነው የሚባለው! ቅጣት አለባት!» ይጮሃል ካሣሁን።

«ያለነው ናይሮቢ ነው። እነማማ አቲዬኖ ጋ እንዲህ ነው የሚባለው።»

«አንቺ ደግሞ ከእነማማ አቲዬኖ ጋር መቼ ተጫወትሽ?» እላታለሁ እኔ።

«አንቺ ሥራ ስትውዪ ግድግዳ ሳይ የምውል ይመስልሻል? ሐሙስ ሐሙስ ከጎረቤቶቼ ጋር ነኝ። እነሱንማ ሳልምር ነው የማሸክማቸው፤ ልጆቼ አይደሉማ!»

ሳቄ ያመልጠኛል። ካሣሁን እያጉረመረመ ሁለት ይጨምራል። እኔ አሁን የሳብኩትን የአበባ ዘጠኝ እጥላለሁ።

እማዬ ጄ ትጥላለች። ባዶ መዳፏን ዘርግታ ታሳየናለች።

ካሣሁን አምስት ካርታ ታቅፎ ይፈዛል። ከንፈሩ ልክ እንደ ልጅነቱ ሊጣመም ሲል፣ እማዬ ራሱን ወደ ትከሻዋ ትስበዋለች።

«አይዞህ፣ ካርታ እንጂ ድንጋይ አላሸከምኩህም። ልጠይቅህ እመጣለሁ፤ ልኖር ግን አይደለም። እዚህ ሰው አለኝ።»

ካሣሁን አፍንጫውን ይጠርግና ካርታውን ወደ ሳጥኑ ሊመልስ ሲሰበስብ እጁን ትይዘዋለች።

«እሱ ይቅርልኝ። የነማማ አቲዬኖ ካርታ አንድ ጄ ጎድሎታል።»

ካሣሁን መጀመሪያ ያያታል፣ ቀጥሎ ከት ብሎ ይስቃል። ካርታውን በውዞ ለሦስታችን እንደገና ያድላል። ከመጀመራችን በፊት ግን ተነስቶ ወንበሬን ይጎትትና ቦታ ያቀያይረናል።

አሁን ከእማዬ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ።