አልጠፋም ያለው ናፍጣ

ሽማግሌው ሾፌር ቁልፉን ነቀለው፤ የአሮጌው ፒክአፕ ሞተር ግን ምንም እንዳልተባለ ሰው መንደቅደቁን ቀጠለ። ሽማግሌው ደንገጥ አለና ወዲያው ፊቱ በራ። "ፒክአፑ ይሸጥና ጸጥ ያለች የቤንዚን መኪና እንግዛ" ያለችው ሚስቱ ናት፤ እሱ ደግሞ እንቢ ማለት ቢያቅተው ሽያጩ እንዲፈርስ ከጠዋት ጀምሮ በልቡ ሲጸልይ ነበር። ይኸው መልሱ!

"አየህ ልጄ" አለው መኪናውን ሊያይ የመጣውን ገዢ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ "ቤንዚን ቶሎ ያረጃል። ናፍጣ ግን ቁልፍ ቢነቅሉበትም አይሞትም!"

"አባቴ፣ የማይጠፋ መኪና የት አቆማለሁ?" አለ ገዢው ወደ ግቢው በር እያፈገፈገ።

ይሄኔ ሚስትየው እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መሪው ፊት ተቀመጠች። ፍሬኑን ጥርቅም አድርጋ ረገጠች፤ አራተኛ ማርሽ አስገባችና ፍሪሲዮኑን ድንገት ለቀቀችው። መኪናው ዘለል አለ፤ አንዴ አስሎም ጸጥ አለ።

"ናፍጣውን የሚዘጋው የማጥፊያ ገመድ ተበጥሶ ነው፤ በትንሽ ነገር ይሠራል" አለችው ገዢውን።

"እንዲያ ከሆነማ እወስደዋለሁ፣ እናቴ!"

ባል ሚስቱን እንደ እንግዳ ሰው አያት። "አንቺ! ይህን ማን አስተማረሽ?"

"ይህን ሁሉ ዘመን አጠገብህ የተቀመጥኩት ለጌጥ መሰለህ?"