የጥቁሩ ቢራ ምትክ

የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ ሲዘጋ ከሚሴ ላይ መጀመሪያ የጠፋው ነዳጅ ነበር፤ ቀጥሎ ዘይት ጠፋ። በሦስተኛው ሳምንት ጥቁሩ ቢራ አለቀ።

ሣህሌ ጎሚስታ ነው። አውራ ጎዳናው ዳር በቆርቆሮ ቤት የጭነት መኪና ጎማ ይጠግናል። ማታ ከጥቁሩ ቢራ ሌላ አይጠጣም፤ ሲጠጣ ሚስቱን ለተማርያምን ይደበድባል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ሁሉም የሚለው ግን አንድ ነው፦ ሣህሌ ደግ ሰው ነው፣ መጠጡ ነው የሚያሳብደው። ራሱም ጠዋት ያበጠ ፊቷን ሲያይ እንዲሁ ይላል።

«መጠጥ ነው፣ ለተ። እኔ አይደለሁም።»

ለተማርያም ታምነዋለች። ቢራው አለቀ ሲባል ደስታዋን ለማንም አልተናገረችም።

ደስታዋ ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ሣህሌ ከተማውን ሲዞር ውሎ ባዶ እጁን ገባ።

«ሌላ ቢራ የለም?» አለችው።

«ሌላው አይጠጣም። እናትሽ ጠላ ጠማቂ አልነበሩ? ገብስ ግዢና አንድ ነገር ጥመቂልኝ። ጥቁር ይሁን፣ ይምረር፣ አረፋ ይኑረው።»

«እኔ መጥመቅ ከተውኩ ቆየሁ እኮ።»

በጥፊ አጮላት። ከበሩ መቃን ጋር ተላትማ ቅንድቧ ተሰነጠቀ።

በማግስቱ ጎረቤቷ ረቢአ «አካም ቡልቴ» እያለች ገባች። ቅንድቧን ስታይ እንዴት አደርሽ ማለቷን ተወችው። አጠገቧ ቁጭ አለች። ለተማርያም የተባለችውን ነገረቻት።

«እንጥመቅለታ» አለች ረቢአ። «እኔ አሳይሻለሁ። ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ።»

«ቢያውቅብኝስ? ይገድለኛል።»

«እሱ የሚያየው አረፋውን ነው። አንድ ወር አጠጪው። ይቆማል፣ ኢንሻአላህ።»

ሁለቱ ሴቶች በሩን ዘጉ። ገብሱን እስኪጠቁር ቆሉት፣ ወቀጡት፣ በትልቁ ድስት አፈሉት፣ አጠለሉት። ምሬት እንዲኖረው ትንሽ ጌሾ ቀቅለው ውሃውን ጠብ አደረጉበት። በመጨረሻ ረቢአ ከሻርፗ ስር በፌስታል የቋጠረችውን ፈትታ ጨመረችበትና አማሰለችው። የጠላ ቤት ሴቶች የሚያደርጉትን ግን አላደረጉም፤ ቀናት አላቆዩትም። ሲመሽ በባዶዎቹ የቢራ ጠርሙሶች ሞልተው ደረደሩት።

ሣህሌ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሲያነሳ ለተማርያም እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ጠጣ። ከንፈሩን ጠረገ።

«ምን ጨመርሽበት?»

«ምንም።»

«ከዚያኛውም ሳይሻል አይቀርም።»

በሦስተኛው ጠርሙስ ምላሱ ተሳሰረ። በአምስተኛው ግድግዳውን ተደግፎ ሄዶ አልጋው ላይ ወደቀ። ለተማርያም እስኪነጋ አጠገቡ ተቀምጣ ትንፋሹን ስታዳምጥ አደረች። አልነካትም።

በአራተኛው ቀን ወጡ ጨው አነሰው ብሎ ቀበቶውን ፈታ። ጀርባዋ ደም እስኪያዥ ገረፋት። ጠዋት ጫማውን እያጠለቀ «መጠጥ ነው» አላት።

«ታገሺ» አለቻት ረቢአ ቁስሏን በለብ ያለ ውሃ እያጠበች። «ጥቂት ጊዜ ስጪው።»

ጥቂት ጊዜ ሰጠችው። በሁለተኛው ሳምንት ጥርሷን አወለቀ። በሦስተኛው ፀጉሯን ይዞ ከቤት እስከ ውጭ በር ጎተታት፤ ጎረቤት ወጥቶ «ሰክሯል፣ ተዉት፣ ይበርድለታል» አለ። ለተማርያም ማልቀስ ተወች። ማታ ማታ ጠርሙሱን ከፍታ ትቀዳለታለች፣ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፣ ሲጠጣ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። እሱም አስተያየቷን አልወደደውም።

«ምን ታፈጫለሽ?» አላት አንድ ቀን።

ብርጭቆውን ሞላችለት። ተነስቶ የጎማ ማውለቂያውን ብረት አመጣ። ራሷን ለመሸፈን እጇን ስታነሳ የክንዷ አጥንት ሲሰበር ረቢአ ቤት ድረስ ተሰማ። በሩን ሰብረው የገቡት ጎረቤቶች ብረቱን ከእጁ የቀሙት ለሁለተኛ ጊዜ ሊሰነዝር ሲል ነበር።

እሁድ ቀን፣ ክንዷ በጄሶ ታስሮ ከጤና ጣቢያ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን፣ ሽማግሌዎች ቤቷ ተቀመጡ። ሁለት ናቸው፤ የሣህሌ የክርስትና አባት ጋሽ ወንዴና የሰፈሩ አዛውንት ሐጂ ዑመር። ረቢአ በሩ አጠገብ ቆማለች።

ሣህሌ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። «አጥፍቻለሁ። ግን ስሙኝ። የምታጠጣኝ ነገር ደህና አይደለም። የሆነ ነገር ታደርግበታለች። ከጠጣሁት በኋላ ራሴን አላውቅም። ከቢራውም ይብሳል።»

ጋሽ ወንዴ ወደ ለተማርያም ዞሩ። «እውነት ነው ልጄ? ለባልሽ ምንድነው የምታጠጪው?»

ረቢአ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ለተማርያም ተነሳች። ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ አውርዳ በጉልበቶቿ መካከል ይዛ ከፈተችው። በደህናው እጇ ብርጭቆ ሞላች፤ አረፋው እስከ አፉ ደረሰ። ለጋሽ ወንዴ ዘረጋችላቸው።

እሳቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። «እኔ አልቀምስም። ምን እንዳለበት በምን አውቃለሁ?»

ለሣህሌ ዘረጋችለት። ፊቱን አዞረ።

ቀጥላ ሐጂ ዑመር ፊት ቆመች። በሰባ ዓመት ዕድሜያቸው የሚያሰክር ነገር ወደ አፋቸው ቀርቦ እንደማያውቅ እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ የለም።

«ኧረ ሐጂን ተያቸው፣ ነውር ነው» አሉ ጋሽ ወንዴ።

ሐጂ ዑመር ግን ብርጭቆውን ተቀበሏት። አሸተቱት። ጄሶውን አዩ፣ ፊቷን አዩ፣ እንደገና አሸተቱት። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው እስከ መጨረሻው ጠጡትና ብርጭቆውን ሣህሌ እግር ስር አስቀመጡት።

«ቀሪቦ ነው» አሉ። «በመውሊድ ለሕፃናት የምናጠጣው የገብስና የስኳር መጠጥ። ማንንም አስክሮ አያውቅም።»