ሃምሳ አምስት ደቂቃ

የጂኦግራፊ መምህሯ ከካርታ እኩል የምታምነው ሰው ቢኖር ባሏ ብቻ ነበር። አሁን ካርታው ብቻ ቀረ።

ማስመሪያዋን ከአንዱ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሌላው ዘረጋች። ስምንት ነጥብ አራት ሴንቲ ሜትር። በስኬሉ ስታባዛው አራት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር። ካፒቴኑ ባሏ ይህችን ርቀት በሃምሳ አምስት ደቂቃ ይበርራታል።

"ብዙ ሆነ ቢባል ከቤት እዚያ እስከሚያድርበት ሆቴል ሦስት ሰዓት ነው" አለቻት ታላቅ እህቷን። "እሱ ግን በማለዳ ወጥቶ፣ 'ደረስኩ' ብሎ የሚደውልልኝ ሊመሽ ሲል ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዚያ ጆሮውን ጭምር ካመመው ክፉ ጉንፋን ወዲህ። አራት ወር ሆነው። ስጠይቀው ጆሮ ዳባ ልበስ! ሦስቴ ካልጮኽኩበት አይመልስልኝም። ደግሞ የሶፋዋን ትንሽ ትራስ ይዞ ነው የሚሄደው።"

"ትራስ? ለማን ነው ትራሱ? ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር" አለች እህትየው። ይህ ጋብቻ ድሮም አልተዋጠላትም ነበር።

መምህሯ ሌላም ነገር አይታለች። የባሏ ግራ ክንድ ከቀኙ ይልቅ ጠቁሯል፤ የሆነ በረንዳ ላይ ጋደም ብሎ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ክንድ ነው። ድሮ በሩን ሲከፍት "ክቡራን መንገደኞች፣ ካፒቴናችሁ ነኝ" እያለ ያስቃት ነበር። እሱንም ትቶታል።

እሑድ ዕለት ሻንጣው ውስጥ የሕፃን ጫማ አገኘች። የአንድ እግር፣ ቀይ።

"ሰው ረስቶት ነው፤ እመልስለታለሁ" አላት፤ ዓይኗን ግን አላየም።

ዘጠኝ ዓመት አብረው ሲኖሩ ልጅ አልወለዱም። መምህሯ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እዚያኛው ከተማ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሴት፣ ቀይ ጫማ የሚያደርግ ልጅ አለው ማለት ነው። ቀለበቷን አውልቃ በፖስታ አሸገችው። እዚያው ሴትየዋ ፊት ልትሰጠው ቆረጠች።

ሰኞ ማለዳ ትራሱን ይዞ ወጣ። እሷም ሻርፕ ተከናንባ ከደቂቃዎች በኋላ ወጣች። በአውሮፕላን እንዳትሄድ ባልደረቦቹ በሙሉ ያውቋታል፤ ስለዚህ አውቶቡስ ተራ ወረደች። በኋላ በር ገብታ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፖስታውን ጭብጥ አድርጋ ይዛዋለች። ስታገኘው የምትለውን በልቧ ትደጋግም ጀመር።

ሞተሩ ተነሣ። ድምፅ ማጉያው ሁለቴ ኳ ኳ አለ።

"ክቡራን መንገደኞች፣ ካፒቴናችሁ ነኝ። ርቀታችን በመኪና መንገድ ስድስት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ጉዞው አሥር ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ባለፈው አንድ እግር ቀይ የሕፃን ጫማ የጠፋባችሁ ካላችሁ፣ እኔ ጋ አለ።"