ሳይኖርበት አይቀርም

የውሃ መርማሪው ከአዲሱ ጉድጓድ የተቀዳውን ብርጭቆ ውሃ በስብሰባው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠራረገ። «ባለፈው ወር ንጹህ ነው ያልኳችሁ ተሳስቼ ነው። መርዝ ሳይኖርበት አይቀርም።»

«ሳይኖርበት አይቀርም?» አለ ሰብሳቢው። «አለ ወይስ የለም? ቁርጡን ንገረን እንጂ!»

«እርግጠኛ ለመሆን ሁለት ሳምንት ያስፈልገኛል።»

«ያኔ ከተሳሳትክ፣ አሁን ላለመሳሳትህ ማን ዋስ ይሆንሃል?» አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

ከፊት ወንበር የተቀመጡት የመርማሪው እናት ፊታቸው ደም መሰለ። ብድግ አሉ። «ዋሱ እኔ ነኝ! ልጄ ተሳስቶ አያውቅም! ንጹህ ነው ካለ ንጹህ ነው!» የልጃቸው እጅ ሳይደርስባቸው ብርጭቆውን አንስተው ጭልጥ አደረጉት።

አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። እናቱ ባዶውን ብርጭቆ እጁ ላይ አስቀመጡለትና ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ዳግመኛ ሰው ፊት ራስህን እንዳታዋርድ።»