አራት ጣት የጎደለው ባርኔጣ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ባርኔጣ በሚጎነጎንባት በሞንቴክሪስቲ ከተማ የሚኖረው ኤውዶሮ የሰባ አራት ዓመት ሰው ነበር። ከሰበሰባቸው አሮጌ የገለባ ባርኔጣዎች ሁሉ አብልጦ የሚወደው ያላለቀውን ነበር። ሚስቱ አውሪስቴላ ገለባው እንዲለሰልስላት ጣቷን ውሃ ውስጥ እየነከረች ስትጎነጉነው ታመመች፤ ክፈፉ ሊያልቅ አራት ጣት ያህል ሲቀረው፣ «በቃሽ፣ እረፊ» ብሎ ከእጇ ወሰደው። በማግስቱ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ለአሥራ አንድ ዓመት ባርኔጣው ከሳጥኑ፣ ቁልፉም ከአንገቱ አልወጣም።

በሰኔ ወር አንድ ቀን ጠዋት፣ እርጅናው ቢከብደው፣ ስብስቡን አደራ ሊሰጣት ጎረቤቱን ፔቲታን ጠራት። ፔቲታ ሌሎች ጎንጉነው የጨረሱትን ባርኔጣ ጠርዝ በመዝጋት የምትኖር ሴት ናት። ሳጥኑን ሲከፍትላት የአውሪስቴላን ባርኔጣ አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አየችው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ያለቀ ሥራ ደብቀህ ነው ለካ እኔን ሥራ የምታስፈታኝ!»

«አላለቀም። አራት ጣት ይጎድለዋል።»

«ዓይንህ ነው የጎደለው። የቀረው የእኔ ድርሻ ብቻ ነው። እጁም የአውሪስቴላ እጅ ነው፤ እንዲህ አጥብቆ የሚጎነጉን ሌላ ማን አለ?»

ከዚያ ከክፈፉ የተንጠለጠለውን ገለባ ዳሰሰች፤ ገለባው ገና እርጥብ ነበር። የረጠቡ ጣቶቿን በሽርጧ ጠረገች።

ኤውዶሮ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እኔስ አርፋለች ብዬ ነበር» አለ።