የማክሰኞው ሸሚዝ

በዓይን ክሊኒኩ ማክሰኞ የእንባ ቱቦ ቀን ነው። ሳያዝኑ የሚያለቅሱ ሰዎች መሀረባቸውን ይዘው ረጅሙ አግዳሚ ላይ ይደረደራሉ። ነርሷ አንድ በአንድ እየጠራች ታስገባቸዋለች።

ሥራዋን ጠንቅቃ ታውቃለች። ቢጫ ቀለም የተነከረ ትንሽ ወረቀት በታማሚው ዓይን ታስነካለች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሐኪሙ ሰማያዊ መብራት ያበራል። ቱቦው ክፍት ከሆነ ቀለሙ በአፍንጫ በኩል ይወርዳል፤ ከተዘጋ ግን እዚያው ቀርቶ አረንጓዴ ያበራል። ፈሪ ሲገጥማት አንዱን ወረቀት በራሷ ዓይን አስነክታ "ይኸው፣ አያቃጥልም" ትልና ለታማሚው ሌላ ታወጣለች። ማታ ፊቷን ተጣጥባ ትወጣለች፤ ባሏ በር ላይ በሞተሩ ይጠብቃታል።

አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት፤ ቀናተኛ ናት። ባሏ በሞተር ዕቃ አድራሽ ነው፤ በቀን ሃያ በር ያንኳኳል። እሷ ከሃያው በር ጀርባ ሃያ ቆንጆ ይታያታል።

አንድ ቀን ልብስ ስታጥብ የባሏ የማክሰኞ ነጭ ሸሚዝ እጇ ገባ። ጀርባው መሐል ጥፍር የምታህል ቢጫ ነጠብጣብ አለች። ሌላ ሴት ብትሆን ወጥ ነው ብላ በሳሙና ትፈትገው ነበር። እሷ ግን የሥራ ልብሷን ኪስ ፈትሻ ትንሿን ሰማያዊ መብራት አወጣች።

ነጠብጣቧ አረንጓዴ ሆና አበራች።

ባልዲው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነገሩን አንድ በአንድ ፈታችው። ይህ ቀለም ከክሊኒኩ በቀር የትም የለም። እንግዲህ ሴትዮዋ የማክሰኞ ታማሚ ናት። ጀርባው ላይ የተገኘው ሞተሩ ላይ ከኋላው ተለጥፋበት ነው። ቱቦዋም የተዘጋ ነው፤ መውጫው የተዘጋ የእንባ ከረጢት የገባለትን ቀለም አቁሮ ይዞ፣ ቆይቶ ሲጫኑት ይተፋዋል። ይህን ለታማሚ ስታስረዳ ስምንት ዓመቷ ነው።

"ሞተርህ ላይ ማንን ነው የምታሳፍረው?" አለችው ገና በሩን ሲከፍት።

"ከአንቺ በቀር ማን ወጥቶበት ያውቃል?"

"ዓይን ያወጣህ ውሸታም!" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ግራ ዓይኗ እንደ ልማዱ ቀደመ።

"እሱን ዓይንሽን ግን ለምን አትታዪውም? ከጀመረሽ ሰነበተ እኮ።"

"አንተ እያስለቀስከኝ ምኑን ልታየው!"

በሚቀጥለው ማክሰኞም ነጠብጣቧ መጣች። በሦስተኛው ማክሰኞ ነርሷ ወደ ቤት ስትመለስ ያ ጀርባ አስጠላት። እንደ ወትሮው ፊቷን ልታስደግፍበት አልፈለገችም፤ የኋላውን ብረት ጨብጣ እንደ እንጨት ደርቃ ተቀመጠች። የዚያን ቀን ሸሚዝ ፈትሻ ምንም አጣችበት።

"ነቃብኝ!" አለች ለራሷ። "ተጠንቀቂ ብሏታል።"

መዝገቡን ገለጠች። በእነዚያ ሁለት ማክሰኞዎች ከመጡት ውስጥ ቱቧቸው ተዘግቶ የሚታከሙት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ በምርኩዝ የሚሄዱ አዛውንት፣ አንዱ ጡት ያልጣለ ሕፃን፣ ሦስተኛዋ አንዲት ፀጉር ሠሪ። ፀጉር ሠሪዋ ገና ስትገባ ክፍሉን በሳቅ የምትሞላ፣ የሞተር ሄልሜት በክንዷ አንጠልጥላ የምትመጣ ሴት ናት። መጀመሪያ ስትመጣ በዓይኗና በአፍንጫዋ መካከል ሽምብራ የሚያህል ቀይ እብጠት ነበረባት፤ ሐኪሙ ጫን ሲያደርገው መግል ወጣው። ክኒን ወሰደች፣ በሞቀ ጨርቅ ያዘችው፣ በኋላም ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ነርሷ ያኔ እጇን ይዛ እንዳጽናናቻት ትዝ ሲላት አንጀቷ አረረ።

በአራተኛው ማክሰኞ ጠዋት ባሏን "ልብስህን ይዘህ ውጣልኝ። የቤቱንም ቁልፍ ሥራ ቦታ አምጣልኝ" አለችው።

እሱ የሞተሩን ጓንት አጠለቀ። "ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላመንሽኝም" አለ። "ደከመኝ።"

የዚያን ዕለት በታክሲ ሄደች።

ፀጉር ሠሪዋ ለመጨረሻ ምርመራ ቀጠሮዋ ነበር። ሄልሜቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ሞተሩ የማነው?" አለች ነርሷ ጥርሷን ነክሳ።

"የወንድሜ ነው፤ እሱ ነው የሚያመላልሰኝ።"

"ወንድም! ዘንድሮ ወንድም የማይባል የለም።"

ፀጉር ሠሪዋ ነገሩ አልገባትም። "ሲስተር፣ ከተቆረጥኩ ወዲህ ፈሪ ሆኛለሁ። ያቃጥለኛል?"

ነርሷ ተናዳም ቢሆን እጇ ልማዱን አልረሳም። አንዱን ወረቀት በራሷ ግራ ዓይን አስነካች፤ "ይኸው" አለች በቁጣ። ለፀጉር ሠሪዋም በሌላ ወረቀት አደረገችላት።

አምስቱ ደቂቃ ሳይሞላ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ፖስታ ይዛ ገባች። "ባለቤትሽ ነው የሰጠኝ። ሲስተርን ልጥራልህ ብለው፣ ተይ አለኝ። ሞተሩ ላይ ሻንጣ ጭኗል።"

ነርሷ ፖስታውን ከውጭ ዳሰሰችው። ቁልፉ ነው። ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ የቤቷ ነገር እዚህች ትንሽ ፖስታ ውስጥ አለቀ። ፀጉር ሠሪዋን ስታያት ደሟ ፈላ፤ ይህችኛዋ ግን ዛሬ ማምለጫ የላትም። መብራቱ ሲበራ አረንጓዴው ያወጣታል።

ሐኪሙ ገባ። መጋረጃውን ዘግቶ ሰማያዊውን መብራት ፀጉር ሠሪዋ ፊት ላይ አበራ። ዓይኗ ጥርት ብሏል።

"ጉሮሮዬን መረረኝ" አለች እየሳቀች።

"ቀለሙ ወርዷላ! ቱቦሽ ተከፍቷል፤ ቀዶ ሕክምናውን ካደረግንልሽ ቀን ጀምሮ ወር ሙሉ አንድ ጠብታ አላቆረም። እንኳን ደስ አለሽ። ሲስተር፣ ካርዷን" አለና መብራቱን እንደያዘ ዞረ።

ብርሃኑ ነርሷ ፊት ላይ አረፈ። ሐኪሙ ቀረብ ብሎ በአውራ ጣቱ የግራ ዓይኗን ማዕዘን ጫን አደረገው፤ አረንጓዴው ጉንጯን ይዞ ወረደ።

"ሲስተር፣ ያንቺ ከተዘጋ ስንት ጊዜው ነው?"