በቀን ስንት ሰዓት

«ማሽኑን በቀን ስንት ሰዓት ነው የምትጠቀሙት፣ አባባ?» አለች ቴክኒሻኗ፣ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ።

«ስምንት» አለ አይደክሜ አፉን ሞልቶ። አንድ ወር ሙሉ ሲደምርና ሲቀንስ የከረመው ለዚች ጥያቄ ነው። «ሚስቴ ማታ ስትተኛ ብቻ ነው ኦክስጅኑን የምትስበው። ስምንት ብለሽ ጻፊ።»

የሶላር ሱቁ ጠባብ ነው። ፓኔሎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፣ ባትሪዎቹ መሬት ላይ ተደርድረዋል። ሚስቱ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ስትወጣ የምትይዛት ትንሿ የኦክስጅን ሲሊንደር እግሯ ሥር ናት።

አይደክሜ ያሉት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት አውቶብስ ሲነዳ አንድ ቀን ተተኪ ሾፌር ጠይቆ አያውቅማ። የሰዉን ሁሉ ቤተሰብ ባሕሩ ድረስ ያደርስና ባዶውን አውቶብስ ይዞ በዚያው ይመለሳል። የገዛ ሚስቱ ግን ባሕር አይታ አታውቅም። ጡረታ እንደወጣ አሮጌ ሚኒባስ ገዛ፣ ወንበሮቹን ነቃቅሎ አልጋና መደርደሪያ ገጠመ፣ መጋረጃውን እሷ ሰፋችለት። የቀረው መብራት ብቻ ነበር። ማሽኑ ያለ መብራት አይሠራም፣ እሷ ያለ ማሽኑ አታድርም፣ ባሕሩ አጠገብ ደግሞ ሶኬት የሚባል ነገር የለም።

«ባትሪው ሊቲየም ይሁን» አለ። «የአሲዱ ባትሪ ከያዘው ግማሹን ብቻ ነው የሚሰጠው። ኮንትሮለሩም ያኛው ይሁን፣ በደመና እንኳ ከፓኔሉ አሟጦ የሚወስደው። ጣራዬ ላይ አራት ፓኔል ይገባል፤ ለክቻለሁ። ሒሳቡ ልክ ነው?»

ቴክኒሻኗ አባዛች፣ ደመረች። ማሽኑ፣ ትንሿ ፍሪጅ፣ ማራገቢያው፣ ሁለት አምፖል። «ልክ ነው። እርስዎ እኮ እኔን ከሥራ ሊያስወጡኝ ነው» አለችው።

ሳቀና ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ አልሳቀችም።

«የኔ ልጅ» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ፣ «ስምንቱን ሰርዥው።»

«ስንት ልበል እማማ?»

«ሃያ በይው።»

«ኧረ ተይ እቴ» አለ አይደክሜ። «ቀን ቀንማ አትስቢም። እኔ እያለሁ መች ስበሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተ ሚኒባሷ ጋ ስትወርድ እከፍተዋለሁ። ኮቴህን ስሰማ አጠፋዋለሁ።» ትንፋሿን እስክታገኝ ዝም አለች። «መጋረጃውን ታዲያ በምን ትንፋሽ የሰፋሁት መሰለህ?»

መደርደሪያ በገጠመ ቁጥር፣ ብሎን ባጠበቀ ቁጥር እየሮጠ ወደ ቤት ይገባ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ያወራላታል። እሷም ፈገግ ብላ፣ ራሷን እየነቀነቀች ትሰማዋለች። ስላስደሰታት ይመስለው ነበር ዝምታዋ።

«ያን ሁሉ ሰዓት ስለፈልፍብሽ...» አለ።

«ደስ ብሎህ ነበራ» አለችው። «ምን ብዬ ላቋርጥህ?»

ቴክኒሻኗ አንገቷን ደፍታ እንደገና አባዛች። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችለት። ዘጠኝ ፓኔል ይላል።

«ፍሪጁን አውጪው» አለ። አወጣችው። «ማራገቢያውን። አምፖሎቹንም አውጪ፣ በጨለማ እንተኛለን።» ሁሉንም አወጣች፤ ወረቀቱ ላይ ማሽኑ ብቻውን ቀረ። ስምንት ፓኔል ሆነ።

«ባትሪውን ብናበዛውስ?»

«ባትሪ ያጠራቅማል እንጂ አያመነጭም፣ አባባ። ፀሐይዋ የሰጠችውን ብቻ ነው የሚይዘው።»

«ጀነሬተር...» አለና ራሱ ተወው። ሚስቱን የጭስ ሽታ ብቻ ሌሊቱን ሲያስላት ያድራል። «ስነዳ ሞተሩ ይሞላው የለም እንዴ?»

«ይሞላዋል። በቀን ስንት ሰዓት ይነዳሉ?»

«ሁልጊዜ» ሊላት ነበር። ሚስቱ ባሕሩን የምታየው መቼ እንደሆነ ሲያስብ ግን አፉን መልሶ ዘጋ። ሰባ አንድ ዓመት ኖሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞት አያውቅም። የተበላሸ ነገር ቢሆን ይጠግነዋል፣ መንገዱ ቢዘጋ በሌላ ይዞራል። ጣራ ግን ጣራ ነው፣ አይለጠጥም፣ ፀሐይም አትለመንም።

«እንሂድ በቃ» አለች ሚስቱ። «ልጅቷንም ከሥራ አናስፈታት።»

አልተነሳም። የሱቁን መደርደሪያ ሲያይ ቆየና «ገመድ አላችሁ?» አለ። «ማራዘሚያ፣ ሶኬት ያለው። ረጅሙ ስንት ነው?»

«ሃምሳ ሜትር።»

ሃምሳ ሜትር። ገመዱ ከመኝታ ቤቱ ሶኬት ተነስቶ በመስኮት ቢወጣ፣ ግቢውን ቢያቋርጥ፣ በውጭ በሩ ሥር ቢያልፍ... ሚኒባሷ የጎረቤቱን አጥር ጨርሳ መታጠፊያው ላይ ትደርሳለች። በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ለካው፣ ደግሞ ለካው። ከዚያ አታልፍም።

«መታጠፊያው ላይ ብንቆም ምን ይታያል?» አላት።

ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቃት። ዛሬ ገና መጠበቁ ነው።

«ዋናው መንገድ» አለች። «ወደ ባሕሩ የሚሄደው።»